የዴን ሃግ አንድ ቁጥር ማልያ

የዚያን እሁድ ማለዳ ማንደፍሮ ከመኝታ ቤት ሲወጣ የልብስ ማስጫው ባዶውን ቆሟል። ትናንት ማታ በገዛ እጁ አጥቦ ካሰጣቸው የቡድኑ ማልያዎች አንድም አይታይም። ሚስቱ የትነበርሽ የሌሊት ልብሷን ሳትቀይር ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የትልቁን ሰማያዊ ቦርሳ ዚፕ ትዘጋለች። ማንደፍሮ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ይህች ሴት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እነዚያን ማልያዎች በእጇ ነክታ አታውቅም። ልጃቸው ሚኪያስ በእሁድ ቀን ሲወለድ ባሏ ዩትሬክት ሄዶ ግብ ሲጠብቅ ስለነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ «የእሱን ጨርቅ እኔ አልነካም» ብላ ምላለች፤ መሐላዋንም እንደ ጾም ጠብቃዋለች። ማልያዎቹ ሶፋው ላይ ተከምረው መቀመጫ ሲጠፋ እንኳ በክርኗ ገፋ አድርጋ ትቀመጣለች እንጂ አታነሳቸውም። አሁን ግን አጥፋ፣ ደርድራ፣ ቦርሳ ውስጥ ከትታቸዋለች።

«ምን ተገኘ ዛሬ?» አላት።

«ደርቀው ነበር፤ አጠፍኳቸው። ማጠፍ ሥራዬ አይደል?» አለች ቀና ብላ ሳታየው።

እውነቷን ነው፤ የትነበርሽ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፎጣና አንሶላ ስታጥፍ ትውላለች። ማንደፍሮ ግን ምክንያቱን መመርመር አላማረውም። ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ነገር ሲደርስለት «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማትና «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። እሷም «ሂድ እንዳይረፍድብህ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። በሚኪያስ ክፍል በኩል ሲያልፍ ልጁ ያንኮራፋል። ላክ በሚባለው ሰፈር ያለውን ባለ ሦስት ፎቅ ቤታቸውን ቀጥ ያለና ጠባብ ደረጃ ሲወርድ ማንደፍሮ ልቡ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኖት ጉልበቱን እያመመው፣ ውጭ ያ የማያባራ ካፊያ እየጠበቀው፣ ያን ሁሉ ደረጃ እያፏጨ ወረደ። ሞኝ!

ትናንት ማታ ያማከራትም እሷን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በኔዘርላንድ የሚኖሩ ስድስት የሐበሻ ቡድኖች በየከተማቸው ስም ተደራጅተው እሁድ እሁድ ሮተርዳም ውስጥ በተከራዩት ሜዳ ይጋጠማሉ፤ «የስድስቱ ከተሞች ሊግ» ይሉታል። የዴን ሃግን ቡድን ያቋቋመውም፣ ግቡን የሚጠብቀውም፣ ማልያውን የሚያጥበውም ማንደፍሮ ነው። ሜዳው በቀን ለሦስት ጨዋታ ብቻ ይፈቀዳል፤ ስድስት ቡድን፣ ሦስት ጨዋታ፣ ልክ ነው። አሁን ሰባተኛ መጣ። የኮሌጅ ተማሪዎች ቡድን ነው፤ አንዱ ከደልፍት፣ አንዱ ከላይደን፣ አንዱ ከሮተርዳም የተሰበሰቡ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆች። ሜዳ ላይ የሚጯጯሁት በደች ነው፤ ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተው የሚጸልዩት ጸሎት ደግሞ፣ ማንደፍሮ እንደሚለው፣ አንድ ግማሽ ጨዋታ ያህላል። ሚኪያስም ኮሌጅ በገባ በሁለተኛው ወር ከእነሱ ጋር ልምምድ ጀመረ። በሊጉ ሕግ ግን አንድ ተጫዋች ከሊጉ ውጭ ላለ ቡድን መሰለፍ ስለማይችል፣ ተማሪዎቹ እስኪገቡ ድረስ እሁድ እሁድ የአባቱን ማልያ ለብሶ ከአባቱ እኩዮች ጋር መሮጥ ነበረበት።

ሰባተኛው እንዲገባ ከስድስቱ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። የሊጉ ሰብሳቢ ገብረሥላሴ፣ የአምስተርዳም አውቶቡስ ሹፌርና የማንደፍሮ የስደት ወዳጅ፣ ያመጣው ሐሳብ ዴን ሃግ ከሮተርዳም ጋር ይዋሃድ የሚል ነው። መዋሃድ ሲባል ለጆሮ ይጥማል። ሮተርዳም ከወደቡ መጋዘኖች የተሰበሰቡ ሃያ አምስት ጎረምሶች አሉት፤ ዴን ሃግ ያለው ወገባቸውን እየያዙ የሚሮጡ አሥር አባወራዎችና ሚኪያስ ነው። ማን ሜዳ ገብቶ ማን ውሃ እንደሚያቀብል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። «ቡድን አገር ይፈልጋል፤ እነዚህ የየት ናቸው? አገር ለሌለው ቡድን ብዬ አገሬን አላፈርስም» ብሎ ነበር ማንደፍሮ ባለፈው ስብሰባ። የተማሪዎቹ አሠልጣኝ ሳሙኤል ያንን ሁሉ ስድብ ሰምቶ «ጌታ ይባርክህ፣ ወንድም ማንደፍሮ» ሲለው ደግሞ ይበልጥ ተናደደ።

በዚህ ሊግ ፊርማ የሚባል ነገር የለም። ሲመሠረት ግማሾቹ ገና መኖሪያ ፈቃድ ያላገኙ፣ በስደተኞች ካምፕ ያሉ ነበሩ፤ ጠበቆቻቸውም «ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ» ብለው አስፈራርተዋቸዋል። ታዲያ የሊጉን መተዳደሪያ ማን ይፈርም? ያኔ መላውን ያመጣው ራሱ ማንደፍሮ ነው። በአዲስ ነገር የተስማማ ቡድን የበረኛውን አንድ ቁጥር ማልያ አጥቦ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ ያላኖረ አልተስማማም፤ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ቀረ። አንዴ የተኖረ ማልያ አይነሳም፤ አዲስ ገቢ ካለም አንዱን መርጦ በስጦታ ይወስዳል። በኋላ ፈቃዱም መጣ፣ ፓስፖርቱም መጣ፣ አንዳንዱ ቤት ገዛ፤ ልማዱ ግን እንዳለ ቀረ። አርንሄምና አይንድሆቨን የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ትናንት ማታ ማንደፍሮ አንድ ቁጥሩን እያሰጣ ለየትነበርሽ የነገራት አጭር ነበር፦ «ነገ የሥራ ፈረቃዬን አልቀይርም፤ ስብሰባውም አልሄድም። ከማንም ጋር አልነታረክም። ይቺ ማልያ ከዚህ ቤት ካልወጣች ማንም ምንም አያመጣም።» የትነበርሽም «ይሁን» አለች። ይኸው ነው።

ማንደፍሮ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ባለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነው። ከላይ እንግዶቹ አንዷን የዓሣ ሾርባ በአሥራ ስምንት ዩሮ እየጠጡ ባሕሩን ያያሉ፤ እሱ ከታች የእነሱን አንሶላ እንጂ ባሕሩን አይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ስብሰባው የሚጀመርበት ጊዜ ሲደርስ፣ አንሶላ መተኮሻው አጠገብ ቆሞ ብቻውን ፈገግ አለ። አምስት ማልያ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ታየው። የገብረሥላሴ ኩርፊያ ታየው። ስምንት ተኩል ላይ ስልኩ ኪሱ ውስጥ መንዘር ጀመረና አላቆም አለ።

የሊጉ የስልክ ቡድን ላይ ፎቶ ተለጥፏል። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ማልያ፣ ማልያ፣ ማልያ። ማንደፍሮ በእርጥብ ጣቱ የተሰነጠቀውን ስክሪን እየጎተተ አየ። ስድስት ናቸው። ከዳር ያለው አረንጓዴ ነው፤ ደረቱ ላይ ሽመላ አለው። ያን የዴን ሃግ ከተማ ምልክት የሆነውን ሽመላ ከገበያ ፈልጎ፣ ለለጣፊው ከማልያው ዋጋ በላይ ከፍሎ ያስለጠፈው እሱ ነው፤ በአገሩ ላይ ሁለተኛ የለውም። ከፎቶው ሥር መልእክቱ ይጎርፋል፦ «ዴን ሃጎች ክብረት ይስጥልን!» «ማንዴ ትልቅ ሰው!» «እንኳን ደህና መጣችሁ ተማሪዎቻችን!»

መጀመሪያ በሐሳቡ የመጣው ሚኪያስ ነው። ሌላ ማን ይሆናል? ቦርሳውን ከፍቶ፣ ማልያውን ሰርቆ፣ ለጓደኞቹ ወስዶ ሰጠ። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ ማለት ይሄ ነው። ለልጁ ደወለ፤ አያነሳም። ለየትነበርሽ ደወለ፤ አታነሳም። አለቃው ለሆነችው የሱሪናም ሴት «ሆዴን ቆረጠኝ» አላት፤ ፊቱን አይታ አመነችውና «ሂድ፣ ሂድ» አለችው።

ከስኬቨኒንገን በትራም እስከ ሆላንድስ ስፖር ጣቢያ፣ ከዚያ በባቡር እስከ ሮተርዳም፤ መንገዱ ሁሉ ረዘመበት። ትራሙ ውስጥ እርጥብ ውሻ የያዘች አሮጊት አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ዝናቡ ብታወራው አንገቱን ብቻ ነቀነቀላት። በልቡ የሚናገረውን ያጠና ነበር። ብዙ አያስፈልግም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ይህ ማልያ ያለ እኔ ፈቃድ ከቤቴ የወጣ ነው።» ይህን ካለ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። የተሰረቀ ማልያ ድምፅ አይሆንም፤ ገብረሥላሴም ቢሆን ይህን አይክድም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል እንደሆነ ይባል፤ ዴን ሃግ ግን ዴን ሃግ ሆና ትቀራለች። ልጁስ? ልጁ በሰው ፊት ሌባ ይባላል። ይባል! እጁን ሲሰድ ማሰብ ነበረበት። ባቡሩ ደልፍትን ሲያልፍ ይህን ወስኖ ጨርሷል፤ ቁጣው ግን አልቀዘቀዘም።

ስብሰባው የሚካሄድበት የሰፈር አዳራሽ ሲደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በሩን ሲከፍት ወሬው ቆመ፤ ከዚያ ጭብጨባው ፈነዳ። አርባ የሚሆን ሰው ተነሥቶ ያጨበጭብለታል። ማንደፍሮ በሆቴሉ ሰማያዊ የሥራ ልብስ፣ ዝናብ ከራሱ እየወረደ፣ እንደ ሙሽራ ተጨበጨበለት። ገብረሥላሴ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ማንዴ! ሥራህን ጥለህ መጣህ? እኔማ ከቃልህ ንቅንቅ አትልም ብዬ ነበር፤ አሳፈርከኝ። እንዲህ ያለ ልብ ይስጠን!»

ማንደፍሮ አፉን ከፈተ። ያጠናው ዓረፍተ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሚኪያስ ወንበሮቹን እየገፋ ከኋላ መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ይህ ልጅ ድምፁ ከጎረነነ ወዲህ አባቱን አቅፎ አያውቅም። ከአባቱ በግማሽ ራስ ይበልጣል፤ ጉንጩ የአባቱ ግንባር ላይ ዐረፈ።

«ፓፓ፣ ዳንክ ዩ ዌል» ብሎ በጆሮው በደች አመሰገነው። «ማሚ ጠዋት ማልያውን ሰጥታኝ 'አባትህ ልኮልሃል' ስትለኝ አላመንኳትም ነበር። እኔ እኮ አንተ እኔን... ሶሪ ፓፓ። በጣም ነው የተሳሳትኩት።»

በልጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ ማንደፍሮ ጠረጴዛውን አየ። አረንጓዴው ማልያ ከፊቱ ነው። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ጎኖቹ ተገጣጥመው ለሦስት ታጥፏል፤ ጠርዙ በመዳፍ ተተኩሷል። ማንደፍሮ ማልያ አጥፎ አያውቅም፤ ጠቅልሎ ነው የሚከተው። ይህ የፎጣ አስተጣጠፍ ነው። ማለዳ ልቡን ቅቤ ያጠጣው አስተጣጠፍ ነው። ግንባሯን የሳመው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ያላት፣ ለዚህ ነው። ቦርሳውን ስትዘጋ አንዱን ማልያ አውጥታ ደብቃ ነበር ማለት ነው፤ እሱ ሲስማት ምናልባት ከሶፋው ትራስ ሥር ነበረ። ከልጁ እቅፍ ወጥቶ የወንበር መደገፊያ ያዘ።

«ፓፓ፣ ደህና ነህ? ኤቨን ባውተን፣ እሺ?» አለው ሚኪያስ፣ ትንሽ ወደ ውጭ እንውጣ ለማለት በሩን እየጠቆመ።

«ደህና ነኝ።»

«አንድ ነገር ተናገር እንጂ ማንዴ!» አለ ገብረሥላሴ። ሳሙኤል እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል፤ ዐይኖቹ እንባ አቅርረዋል። ማንደፍሮ ወደ ጠረጴዛው ሄደና መዳፉን ማልያው ላይ አኖረ። አንድ ቃል፤ አንድ ቃል ቢናገር ሁሉ ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ነገር ግን ያን ቃል ለመናገር «ሚስቴ» ብሎ መጀመር አለበት። የቤቱን ገበና አርባ ሰው ፊት መዘርጋት አለበት። ከዚያም ዞሮ ያን የልጅ ፊት ማየት አለበት። ከማለዳ ጀምሮ አባት ያገኘውን ልጅ አባት አልባ ማድረግ አለበት።

«ማልያው ንጹሕ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ልማዱ እንደሚያዝዘው የተማሪዎቹ በረኛ መጥቶ ከስድስቱ ማልያዎች አንዱን እንዲመርጥ ተጋበዘ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀጭን ልጅ ነው። ለአክብሮት ሲል የዴን ሃግን አነሣና እዚያው ራሱ ላይ አጠለቀው። ማንደፍሮ እንዲሰፋው፣ እጅጌው እንዲረዝምበት፣ ሽመላው ሆዱ ላይ እንዲወርድ በልቡ ተመኘ፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ተመኘ። ማልያው ልክክ አለለት። «ለእሱ የተሰፋ ነው የሚመስለው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሚኪያስ ከጓደኞቹ ጋር ሊያመሽ ሮተርዳም ቀረ። ገብረሥላሴ በመኪና ላድርስህ ቢለው ማንደፍሮ እምቢ አለ፤ በባቡር ብቻውን ተመለሰ። መስኮቱ ላይ የሚታየው የራሱ ፊት ስለነበር ዐይኑን ጨፈነ።

ቤት ሲገባ የትነበርሽ ምስር ወጥና ሰላጣ አቅርባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰሃን ደርድራ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ካፖርቱን ሳያወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ታች የሚያልፈው ባቡር መስኮቱን አንቀጠቀጠውና አለፈ። ሌላም መጣ፤ አለፈ።

«ልጁ ደውሎልኛል» አለች የትነበርሽ። «ሲያመሰግንህ ነበር፤ አልተናገርክም ማለት ነው።»

«ማልያው ከዚህ ቤት እንደማይወጣ የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነበር።»

«አዎ።»

«ብትጠይቂኝስ ኖሮ?»

«እምቢ ትላለህ።»

«እምቢ ማለት መብቴ ነበራ!» ጠረጴዛውን መታ፤ ሰሃኖቹ ዘለሉ። ከሦስት ፎቅ በታች ያለ ሰው ሳይሰማው አልቀረም።

የትነበርሽ አልደነገጠችም። የተንሸራተተውን ሹካ ወደ ቦታው መለሰች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሁድ እሁድ ባል አልነበረኝም» አለች ቀስ ብላ። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ሆነህ ስትኖር ቻልኩት። እኔ ሰው ነኝ፣ እችላለሁ። ልጄ ግን ሦስት ወር ሙሉ 'ፓፓን ንገሪልኝ' እያለ ለመነኝ። ራሱ ሊነግርህ ይፈራሃል፤ ታውቃለህ? እናንተ ሁለታችሁ በዚህ ቤት የምትነጋገሩት 'በሩን ዝጋ' እና 'መብራቱን አጥፋ' ብቻ ነው። በእሱ ዕድሜ ሌላው ከእኩያው ጋር ሲሮጥ የእኔ ልጅ ወገብ የሚያማቸውን ሰዎች ይጠብቃል፤ አንተ ግብ ላይ እንድትቆም። በቃ አልኩ። ጥፋት ነው፤ ጥፋት መሆኑን አውቄ ነው ያደረግኩት።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኑን እያየች፣ «ደግሞስ ዛሬ አቅፎህ የለ?» አለችው።

ማንደፍሮ ትከሻው ላይ የልጁ ክንድ ክብደት ገና አለ። ያን ክብደት ስንት ዓመት እንደጠበቀው ሊነግራት ይችል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ሚኪያስ ፊቱ በቆመ ቁጥር ያልሠራውን ደግነት ለብሶ እንደሚቆም፣ ልጁ በሳቀለት ቁጥር ሰርቆ እንደበላ ሰው እንደሚሸማቀቅ ሊነግራት ይችል ነበር።

«ያቀፈው እኔን አይደለም» አላት።

ተነሥቶ ሰማያዊውን ቦርሳ ከፈተና ያጠፈቻቸውን ማልያዎች አንድ በአንድ እየዘረጋ ማስጫው ላይ መስቀል ጀመረ። ሁለት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር፣ አራት ቁጥር። የመጀመሪያውን ቦታ ባዶ ተወው።

«ደርቀዋል እኮ» አለች የትነበርሽ፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር።

ማንደፍሮ ሁሉንም ሰቅሎ እስኪጨርስ ቀና ብሎ አላያትም።